በሙሉ ድምፅ አረንጓዴ

መስከረም 19

ለእህቴ፣

«እትዬ፣ ምን ብበድልሽ ነው ዝም ያልሽኝ?» ብለሽ ስለጻፍሽ ከሰላምታው በፊት ይቅርታውን ላስቀድም። ምንም አልበደልሽኝም። አልታመምኩም፤ እጄም እንደምታይው ይጽፋል። ቤቴ በእንግዳ ተጥለቅልቆ ነው። ለምን አትደውይም ላልሽው መልሴ ያው የድሮው ነው። ሠላሳ ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት የሰው ወሬ ሳገናኝ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ጆሮዬንም አብሬ ጡረታ አውጥቼዋለሁ። ደግሞም ያሁኑ ወሬዬ በስልክ የሚሆን አይደለም። ባሌ ከጎን ካለው ክፍል ተቀምጧል፤ የማወራው ደግሞ ስለ እሱ ነው።

እህቴ፣ ይህ ሰውዬ ግራ አጋባኝ።

ታውቂዋለሽ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲቀባ የኖረ ሰው፣ የዕረፍት ቀን ሲሆን ከወንበሩ የሚያስነሳው ነገር አልነበረም። ሐይቁ ዳር ወጣ እንበል ስለው «ሐይቁ የት ይሄድብሻል» ነበር መልሱ። ልጆቹን እንጥራቸው ስለው «ሥራ አላቸው፤ አትነዝንዣቸው» ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ አባርቶ ቅጠሉ መወየብ ሲጀምር እሱም አብሮ ተለወጠ። ወንዱን ልጃችንን ከነሚስቱ ከነልጁ ራሱ ደውሎ ጠራው። ራሱ! የልጁን ስልክ ቁጥር እንኳ ከእኔ የሚጠይቅ ሰው። መጡና ሳምንት ከረሙ። የፊት ጥርሶቿ የወለቁትን የልጅ ልጃችንን መስኮቱ ጋ አስቀምጦ ትክ ብሎ ሲያያት ሲያያት፣ ልጅቷ ሰለቻትና «አያቴ፣ ፊቴ ላይ ምን አለ?» አለችው። «ፊትሽ አለ» አላት። ይህ ምን ዓይነት መልስ ነው?

እነሱ በሄዱ ማግስት ደግሞ «ያቺን ቢጫ ቀሚስሽን ልበሺና ሐይቁ ዳር እንሂድ» አለኝ። ቀሚሷን ታውቂያታለሽ፤ ለትልቋ ልጄ ምረቃ የገዛኋት ናት። ወገቧ ጠቦኛል፤ ቢሆንም ትንፋሼን ውጬ ለበስኳት። ሰው ሐይቅ ዳር ሲሄድ ሐይቁን ያያል አይደል? እሱ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ እኔን ሲያይ ዋለ። መጀመሪያ አገጬ ላይ ምግብ የቀረ መስሎኝ በመሐረብ ጠረግሁ። ቀጥሎ በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ። በመጨረሻ ተናደድኩ። «ምን ፈልገህ ነው ሰውዬ?» ስለው «ምንም። ሳቅ በይማ» አለኝ። ተነስቼ ሄድኩ።

በዚያ ላይ የሰፈራችን አዳራሽ ቀለሙ ስለተላላጠ ለአዛውንቶቹ ግብዣ ይቀባ ተባለና፣ «በነጻ እቀባዋለሁ» ብሎ በስብሰባ መሐል እጁን አወጣ። ብሩሽ ዳግም አልነካም ብሎ የተገዘተ ሰው! ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሽ ቀለም ተመለሰ» እያለ አጨበጨበለት። እኔ ብቻ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በወሩ መጀመሪያ «የጡረተኞች ስብሰባ አለብኝ» ብሎ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ሄዶ አድሮ ነው የመጣው። አንቺ ጋ አልደረሰም? «እህቴን አየሃት ወይ?» ስለው «ከተማው ሰው በዝቶበታል» አለኝ። በይ እስኪ አንቺ እውነቱን ጻፊልኝ። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ?

ታላቅሽ


መስከረም 28

እትዬ፣

ቶሎ ስላልመለስኩልሽ እንዳትቆጪኝ። ሆስፒታላችን ነርስ አንሶት አንዱን ፈረቃ ሳልጨርስ ሌላው ይጀምራል። ጉልበቴ ተሽሎኛል፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ያስታውሰኛል። እዚህም ቅጠሉ ረግፎ መንገዱን ሞልቶታል፤ ጠራጊዎቹ ጠዋት ይሰበስቡታል፣ ነፋሱ ከሰዓት ይበትነዋል።

ልጅሽ ከነቤተሰቡ መምጣቱ ደስ አሰኘኝ። ቢጫ ቀሚስሽን መልበስሽም እንዲሁ። ወገቧ ከጠበበሽ ጎኗን አስለቅቂያት እንጂ መልሰሽ ሳጥን ውስጥ እንዳትከቻት።

ጋሼ እኔ ጋ መጥቶ ነበር ወይ ላልሽኝ፣ እንግዲህ በዚያ ሰሞን ቤቴ ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ ነበርና ማን መጣ ማን ሄደ ለማለት ያስቸግራል። ስብሰባ ግን እዚህ ከተማ አይጠፋም። የጡረተኞችም አይጠፋም።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። አዳራሹን ሲቀባ መሰላል ላይ እንዳይወጣ አድርጊ። ቤት ውስጥም ወንበሩንና ጠረጴዛውን ከለመደበት ቦታ አታንሺበት፤ አንቺ ደግሞ በየወሩ ዕቃ ማዟዟር ትወጃለሽ። ለምን አትበይኝ፤ እንዲሁ ነው። ትክ ብሎ ሲያይሽም ታዪለት፤ ምን ይቀነስብሻል?

እየቸኮልኩ ስለጻፍኩት ይቅር በይኝ። ፈረቃዬ ደርሷል።

ታናሽሽ


ጥቅምት 12

አንቺ ልጅ፣

እኔ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ አንቺ ስለ ቅጠል ጠራጊ ጻፍሽልኝ። ለመሆኑ ከአንድ ክፍልና ከአንዲት ጓዳ ውጪ የሌለሽ ሰው፣ ባሌ ያህል ቁመት ያለው ሰው ገብቶ ሲወጣ እንዴት ይጠፋሻል? ስለ መሰላሉስ ማን ነገረሽ? የጠረጴዛዬና የወንበሬ ነገርስ ከአንቺ ጋር ምን ያገናኘዋል? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር የበለጠ ተምታታብኝ።

ሠላሳ ዓመት የከተማው ሚስጥር በጆሮዬ ሲያልፍ ኖሯል። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ማንን ሊያገባ እንደሆነ ከባለቤቶቹ በፊት እኔ ነበርኩ የማውቀው። አሁን በገዛ ቤቴ የሚሆነውን የማላውቅ እኔ ብቻ ሆንኩ።

ትልቋ ልጄም መጥታለች። የመድኃኒት ቤት ሥራዋን ለባልደረባዋ ትታ ሦስት ቀን ተቀመጠች። እሷንም እንደዚያችው ሕፃን መስኮቱ ጋ አስቀመጣት። «ፀጉርሽን ለምን ተቆረጥሽው? እስኪ ወደ ብርሃኑ ዞር በይ» ይላታል፤ ልጅቷም እንደ ፎቶ ተነሺ ወዲህ ወዲያ ትልለታለች። ኮቱን ልታጥብለት ወስዳ ብዙ ቆየችና ተመልሳ ከአባቷ ጋር በሩን ዘግተው አወሩ። ኋላ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። «ምን ሆንሽ?» ብላት «ሽንኩርቱ ነው» አለችኝ። እህቴ፣ ቤት ውስጥ አንዲት ሽንኩርት አልነበረችም! የምንበላው የድንች ሾርባ ነበር፤ እሱንም ራሴ ነኝ የሠራሁት።

ሳስበው ሳስበው መጀመሪያ ሌላ ሴት ያዘ ብዬ ነበር። ግን ሌላ ሴት ያለው ሰው የገዛ ሚስቱን ቢጫ አልብሶ ሐይቅ ዳር አይዞርም። ቀጥሎ ቤቱን ሊሸጠው ነው አልኩ። እሱም አይመስልም፤ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ሲቀባ ነው የሚውለው። ሦስተኛውን መጻፍ አልፈልግም። አንቺ ሆስፒታል ነው የምትሠሪው። ሰው መሞቻው ሲቀርብ ነው ልጆቹን አንድ በአንድ የሚጠራው፤ ይህን አስቤ ሌላ የማስበው ሁሉ ጠፋብኝ። ሊሞትብኝ ነው? ይህን ብቻ ንገሪኝ።

ባለፈው ደግሞ ወደ ድሮው የስልክ መሥሪያ ቤታችን ወሰደኝ። አሁን የልብስ መሸጫ ሆኗል። እዚያ ግድግዳ ሲቀባ ነው የተዋወቅነው፤ የቀለሙ ሽታ ደንበኞቼን አሳለብኝ ብዬ ጮኼበት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስልክ ማዞሪያው ስም «ሴንትራል» እያለ ነው የሚጠራኝ። ሱቁ መሐል ቆሞ «ሴንትራል፣ ያኔ የቀባሁት ምን ዓይነት ነበር?» አለኝ። «ነጭ» አልኩት። «ነጭ ብሎ ነገር የለም። ወተት ውስጥ አንድ ጠብታ ሻይ ሲገባ ያለው ነው» አለና ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ሻጯ ልጅ ያመመው መስሏት ወንበር አመጣችለት።

አዳራሹን ጨርሷል። መሰላል ላይ እንዳትወጣ አልኩት፤ ሳይከራከር ብሩሹን ረጅም እንጨት ላይ አስሮ ቀባው። ይህም አስደነገጠኝ፤ ሳይከራከር እሺ ብሎኝ አያውቅም። የሰፈሩ ማኅበር ሊቀመንበር ተንከባላዩን መቀቢያ፣ ሮለር፣ ላምጣልህ ቢለው «ሮለር የሰነፍ መሣሪያ ነው» ብሎ አባረረው። ቀለሙንም እንደ ልማዱ ራሱ ነው ያዋሐደው፤ ማኅበሩ ውሃ ሰማያዊ ብሎ ወስኖለታል። እኔ ግን እስከ ግብዣው ቀን እንዳላይ ተከልክያለሁ።

ጎረቤቶቼም እንደ አንቺ ሆነዋል። ባለዳቦ ቤቷ ትናንት መጥታ «አዳራሹ... እንዲያው... ደስ ይላል» ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ሊቀመንበሩን መንገድ ላይ ባገኘው፣ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተው። ሁሉም አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል። እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ ሰፈሩ?

ታላቅሽ


ጥቅምት 19

እትዬ፣

ሊሞት አይደለም። ሌላ ሴትም የለም። ይህን ሁለቱን ብቻ ልልሽ እችላለሁ።

ቀሪውን እንዳልናገር አስምሎኛል። መጥቶ ነበር። ከአንቺ ደብቄ የማውቀው ነገር የለም፤ ልጅ ሳለሁ የሰበርኩትን የእናታችንን መስታወት እንኳ በማግስቱ ነው የነገርኩሽ። ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር ሳልከፍተው አንድ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

እኔ ብናገር መሐላዬ ይፈርሳል። አንቺ ራስሽ ብትደርሺበት ግን የሚፈርስ ነገር የለም። አትጩሂበት። የምለምንሽ እሱን ብቻ ነው።

ታናሽሽ


ጥቅምት 24

እህቴ፣

መሐላሽ ይቆይሽ። ደርሼበታለሁ።

ደብዳቤሽ በመጣ ዕለት ልጠይቀው ቆርጬ ተነሳሁ። ምሳውን በልቶ እንቅልፍ ወሰደው። ተኝቶ ሳየው መጠየቁን ፈራሁና ቢያንስ የሚደብቀኝን ግድግዳ ልየው ብዬ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር።

ሦስቱ ግድግዳዎች ልክ እንደተባለው ውሃ ሰማያዊ ናቸው። ያምራሉ፤ የእሱ እጅ ነው፣ ብሩሹ የት ጀምሮ የት እንዳቆመ አይታወቅም። አራተኛው አረንጓዴ ነው። ጎመን አረንጓዴ! ማዕዘኑ ላይ ሰማያዊው ያልቃል፣ አረንጓዴው ይጀምራል፤ ዓይን ያለው ሁሉ ከመንገድ ሆኖ ያየዋል። ነጭን ብቻ በሰባት ዓይነት ስም የሚጠራ ሰው፣ ሰማያዊው አልቆበት እንደገና ሲያዋሕድ ነው አረንጓዴ ያደረገው፤ ቀብቶም ጨርሶ «በጣም ቆንጆ ሆኗል» ብሎኝ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል።

ያ ሁሉ ነገር ባንዴ መጣብኝ። ሻዩን ከኩባያው ውጪ ሲቀዳ፣ ጋዜጣውን «ወሬው ሰለቸኝ» ብሎ ሲተወው፣ ልጆቹን መስኮት መስኮቱ ጋ ሲያስቀምጥ። የጠረጴዛዬም ነገር ገባኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እያለቀስኩ እያለ በጓሮ በር ሊቀመንበሩና ባለዳቦ ቤቷ ገቡ፤ በየእጃቸው ሮለር፣ ራሳቸው ላይ የዳቦ ጨርቅ ታስሮ። ሲያዩኝ ድንጋይ ሆነው ቀሩ። ሊቀመንበሩ ሮለሩን ከጀርባው ደበቀው፤ ሱሪው በቀለም ጨቅይቶ።

«ምን ልታደርጉ ነው?» አልኳቸው።

«ስብሰባ አድርገን ነበር፤ ጋሽ ቀለም በሌለበት» አለ ሊቀመንበሩ። «ሰማያዊው አልቋል፤ እሱ እንዳዋሐደው ማዋሐድ የሚችል ሰው የለም። አረንጓዴው ግን ሁለት ባልዲ ተርፏል። እንግዲህ...»

«እንግዲህ ምን?»

«የአዳራሹ ቀለም አረንጓዴ እንዲሆን ተወስኗል። በሙሉ ድምፅ።»

«ሦስቱን ሰማያዊ አረንጓዴ ልናደርጋቸው ነው» አለች ባለዳቦ ቤቷ። «ለአንድ ግድግዳ ብለን እሱን በሰው ፊት እናሳፍረው? የግብዣው ዕለት ሌላ ሰፈር ሰው ይመጣል፣ ይስቃል። እሱ ሲተኛ ሲተኛ እየመጣን ከጓሮ በሩ ጀርባ ያለውን ጥግ ቀብተናል።»

የቀቡትን አየሁት። እህቴ፣ ቀለሙ ወርዶ ወርዶ ግድግዳው ፂም አብቅሏል። ላመሰግናቸው ፈልጌ ሳቄ መጣ፤ ልስቅ ስል ደግሞ እንባዬ መጣ። ምን እንደሆንኩ እስካሁን አላወቅሁም። አንድ ሮለር ተቀበልኳቸውና ከወገብ በታች ያለውን እኔ ቀባሁ፤ ከዚያ በላይ አልደርስም። በንዴት ነው የቀባሁት። በማን እንደተናደድኩ ግን አትጠይቂኝ።

ቤት ስመለስ ነቅቶ ነበር። «ሴንትራል፣ የት ነበርሽ? ቀለም ቀለም ትሸቺያለሽ» አለኝ። «አንተ ነህ የምትሸተው» አልኩት።

አሁን ሁሉን ንገሪኝ። ሐኪሙ ምን አለ? ደግሞስ ለአንቺ ነግሮ ለእኔ የማይነግረኝ ምን አድርጌው ነው? ይህ ከሁሉም በላይ አቃጥሎኛል።

ታላቅሽ


ጥቅምት 30

እትዬ፣

ካወቅሽ በኋላ ዝም ማለቱ ጭካኔ ነውና ልንገርሽ።

በመስከረም መጀመሪያ ሆስፒታል መጣ። እኔን ፈልጎ ሳይሆን ከዓይን ሐኪሙ በር ላይ ተሰልፎ ነው ያገኘሁት፤ ሲያየኝ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አወረደ። ይዤው ገባሁ። የታመመው የሁለቱም ዓይኑ ነርቭ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው ቀሪውን ትንሽ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም። ብርዱ ሳያልፍ ሊጨልም ይችላል አለው ሐኪሙ። ጋሼ ሰማና «ስለዚህ ይህ መኸር አለኝ ማለት ነው» አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ማታ ቤቴ ሻይ አፍልቼለት «ነገ አብሬህ ሄጄ ለእትዬ ልንገራት» አልኩት። ያኔ ነው ያስማለኝ። ያለውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። «እሷ ካወቀች ታለቅሳለች። ባየችኝ ቁጥር ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ከዚህ በኋላ የማየው ፊት አንድ ነው፤ መጨረሻ ያየሁትን ነው ይዤ የምቀረው። የሚያለቅስ ፊቷን ይዤ መቅረት አልፈልግም። ጠግቤ ልያት፤ ከዚያ ራሴ እነግራታለሁ» አለኝ።

ምን አድርጌው ነው ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። ትልቋ ልጅሽ ጠብታውን ኮቱ ኪስ ውስጥ አግኝታ አስጨንቃው ነው ያወቀችው፤ እሷም ምላለች።

ይቅር በይኝ። እኔ መሐላዬን አፈረስኩ፤ ማወቅሽን ለእሱ መናገር አለመናገሩን ግን አንቺ ታውቂያለሽ።

ታናሽሽ


ኅዳር 26

እህቴ፣

ይህን ያህል የቆየሁብሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ልጽፍልሽ በተቀመጥኩ ቁጥር አለቅስ ነበር፤ ፊቴ ሲያብጥ ደግሞ ያየኛል። ስለዚህ ደብዳቤ መጻፍ ትቼ መሳቅ ጀመርኩ።

አትሳቂብኝ፤ እውነቴን ነው። የነገርሽኝን ካነበብኩ በኋላ ጠዋት ስነሳ የማስበው ዛሬ ምን ያስቀኛል እያልኩ ነበር። ቀሚሷን ጎኗን አስለቅቄ በየሁለት ቀኑ ለበስኳት። ና ሐይቁ ዳር እንሂድ አልኩት። ና መስኮቱ ጋ እንቀመጥ አልኩት። ሲያየኝ ታየሁለት። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር አንድ ዳክዬ የአንድ ወፍራም ሰውዬ ዳቦ ነጥቆ ሮጠ፤ ሰውዬው ተከትሎ ሮጦ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ባሌ ዳክዬውን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው።

አሁን የግብዣውን ነገር ልንገርሽ፤ «እንዴት ሆነ?» ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የእኛም የሌላውም ሰፈር አዛውንት መጥቷል፤ ሻይ አለ፣ ኬክ አለ፣ ሁለቱም ልጆቻችን አሉ። ክንዱን ይዤው ገባሁ። ዓይኑ ካለፈው ወር በጣም ደክሟል፤ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። መሐል ላይ ቆመና «እህስ፣ ሰማያዊው እንዴት ነው?» አለ።

«በጣም ሰማያዊ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ጎመን የመሰለ ግድግዳ ተደግፎ። «እጅግ ሰማያዊ ነው» አለች ባለዳቦ ቤቷ። አዳራሹ በሙሉ እህ እህ አለ። ከሌላ ሰፈር የመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ደስ አለውና እንደ ልማዱ ሥራውን ሊዳስስ ጠጋ ብሎ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ይህን ማናችንም አላሰብነውም። ሁላችንም ስለ ዓይኑ ስንጨነቅ እጁን ረሳነው።

እጁ ቆመ። ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ጎን ሄደ። «ይህ ሮለር ነው» አለ። «እኔ ሮለር ይዤ አላውቅም። ይህን ማነው የቀባው? እዚህ ጋ ወርዶ ደርቋል፣ እዚህ ጋ ሳይደርቅ ተደርቦበታል። ይህ ግድግዳ ነው ወይስ ገንፎ?» ጎንበስ አለና የታችኛውን ዳሰሰ። «ይሄ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። አጭር ሰው ነው፤ ከወገቡ በላይ አልደረሰም። እየተናደደ ነው የቀባው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ባለዳቦ ቤቷ ሳቅ አመለጣትና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምን ቀለም ነው?» አለ ባሌ፣ ቀስ ብሎ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «አረንጓዴ። በሙሉ ድምፅ።»

«አራተኛውስ? የእኔ እጅ ያለበት?»

«እሱም አረንጓዴ ነው ጋሽ ቀለም። እሱን ተከትለን ነው» አለች ባለዳቦ ቤቷ።

እጁን ከግድግዳው አነሳ። ልጄ ወንበር አመጣለት፤ አልተቀመጠም። ወጥቶ የሚሄድ፣ ዳግም ለሰው የማይታይ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ድምፅ ዞረና «ሴንትራል፣ ታውቂያለሽ ማለት ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይህን ከቀባሁ ጀምሮ።»

«ያን ቀን በዳክዬው ስትስቂ...»

«አውቅ ነበር።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እና ያ ሳቅ የውሸት ነበር?» አለኝ። ይህን የጠየቀኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው፤ እንደ ልጅ ነው የጠየቀኝ።

እህቴ፣ ለእሱ ብዬ ልስቅ ቆርጬ እንደወጣሁ እውነት ነው። ዳክዬውን ሳይ ግን እሱንም ዓይኑንም ረስቼ ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልለየሁትም። «ሰውዬ፣ ዳክዬው እኮ በእውነት ያስቅ ነበር» አልኩት።

ሳቀ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። «በቃ ያን ቀን በዳክዬው የሳቀችውን ነው የያዝኳት። እሷ ትበቃኛለች» አለ። ልጆቻችን አለቀሱ፤ ባለዳቦ ቤቷም አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። እስከዚያ የያዝኩትን በመጨረሻዋ ሰዓት አልበትንም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። ግድግዳውን በአሸዋ ወረቀት አስፍቆ እንደ አዲስ ሊያስቀባቸው ነው። ሊቀመንበሩ ብሩሽ አያያዝ ይማራል፤ ባሌ ከኋላው በእጁ እየዳሰሰ «ድገመው» ይለዋል። ምን ቀለም ይሁን ሲሉት «ውሳኔው ውሳኔ ነው፣ አረንጓዴ» አላቸው። ቤት ሲመጣ እኔ ላይ ያጉረመርማል፣ ሾርባው ጨው አነሰው ይላል። ድሮ የማውቀው ሰውዬ ተመልሷል፤ እሱ ግን ሌላም ሰው ሆኗል። ለማን ምን እንደምል ይደበላለቅብኛል። አንዳንዴ ረስቼ «እየው» እለውና ምላሴን እነክሳለሁ። እሱ ግን «አየሁት» ይላል።

ዛሬ ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጠን ነበር። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ዛፉ ላይ የቀረ ቅጠል የለም። ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ብዙ ቆየና፣ «ቢጫዋን ነው የለበስሽው አይደል?» አለኝ።

የለበስኩት ግራጫውን የቤት ቀሚሴን ነበር።

«አዎ፣ ቢጫዋን ነው» አልኩት። ከዚያ ውሸት እንዳይሆንብኝ ቀስ ብዬ ተነስቼ ሄጄ ለበስኳትና ተመልሼ ጎኑ ተቀመጥኩ።

ታላቅሽ